ሮኬቱ የሚገለበጠው ክብደቱ ከታች ስለሆነ ነው

ከደብረ ብርሃን የጻፉልኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ መምህር እንዲህ ይላሉ፦ «በሁለት ሊትር የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የውሃ ሮኬት ሠርተናል። ከግማሽ በላይ ውሃ ሞልተን፣ አፉን በቡሽ ዘግተን፣ በብስክሌት ፖምፓ አየር እንነፋበታለን። እስከ ጣሪያ ከፍታ ቀጥ ብሎ ይወጣና ድንገት ተገልብጦ እየተሽከረከረ ይወድቃል። ሚዛኑን እንዲጠብቅ ብለን ከአፉ ዙሪያ ጠጠር ብናስርበት ጭራሽ ባሰበት። ተማሪዎቹ ደግሞ ለደመራ ማታ ርችት እንዲመስል ውሃውን ትተን የክብሪት ራስ እንሙላበት እያሉ ነው። ምን ይሻላል?»

መምህር፣ የክብሪቱን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አስቀድመው ግን ጠጠሩን ይፍቱት። ችግሩን ያባባሰው እርሱ ነው፤ ከሰው ራስ ላይ ቢወድቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ከታች የከበደ ነገር እንደ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ይቆማል ብለው አስበዋል። ግንበኛው ቱንቢውን የሚያምነው ክሩን ከላይ የያዘው እጅ ስላለ ነው። ሮኬት ግን ከምንም ላይ አልተንጠለጠለም። አየር ላይ ያለ ነገር የሚዞረው በራሱ የክብደት ማዕከል ዙሪያ ነው፤ የምድር ስበትም የሚስበው በዚያው ማዕከል ላይ ስለሆነ ያዘነበለውን ሮኬት መልሶ የማቃናት አቅም የለውም። የሚያቃናው አየሩ ነው። ሮኬቱ ትንሽ ሲያዘነብል አየሩ በጎን ይገፋዋል። ግፊቱ ከክብደት ማዕከሉ በስተኋላ ካረፈ ጭራውን ወደ መሥመሩ ይመልሰዋል፤ ከማዕከሉ በስተፊት ካረፈ ግን ራሱን ይገለብጠዋል። ቀስት ጫፉ ብረት፣ ጭራው ላባ የሆነው ለዚህ ነው። የእናንተ ሮኬት ግን ጭራው ብረት፣ ራሱ ላባ ሆኖ ነው የተሠራው።

በዚህ ስሌት የተታለሉ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ በመጋቢት 1926 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማሳቹሴትስ ግዛት በኦበርን ያስወነጨፈው የመጀመሪያው የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት ሞተሩ ከላይ፣ ነዳጅ መያዣዎቹ ከታች ነበሩ። ሞተሩ ከላይ ሆኖ ከጎተተው ቀጥ ብሎ ይሄዳል የሚል ተስፋ ነበረው። ሮኬቱ 2.5 ሴኮንድ ያህል በርሮ፣ 12 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ከቦታው 56 ሜትር ርቆ ወደቀ። በኋላ በሠራቸው ሮኬቶች ሞተሩን ወደ ኋላ መልሶታል።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ሌላ ተመሳሳይ ጠርሙስ ወስደው ከአፉ በኩል ያለውን ጫፍ ቆርጠው፣ በሮኬቱ ጠርሙስ ቂጥ ላይ (ማለትም ሲወነጨፍ ወደ ላይ በሚሆነው ወገን) እንደ ቆብ አድርገው በፕላስተር ይለጥፉት። በዚህ ቆብ ጫፍ ውስጥ ሃምሳ ግራም ያህል የሸክላ ጭቃ ወይም የልጆች መጫወቻ ሊጥ ይለጥፉ። ድንጋይ፣ ምስማር፣ ብሎን አይሁን፤ የሚወድቀው በዚያ ራሱ ነውና። ቆቡ ረዘም ባለ መጠን ያው ሃምሳ ግራም ክብደት የበለጠ ይሠራል፤ ስለዚህ ጭቃ ከመጨመር ቆቡን ማስረዘም ይሻላል።

ክንፎቹ ከጭራው መጨረሻ፣ በተቻለ መጠን ወደ አፉ ተጠግተው ይሰለፉ። ሦስትም አራትም ይሆናል፤ ዋናው በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል መሆኑና አንዳቸውም አለመጣመማቸው ነው። ካርቶን ክንፍ በመጀመሪያው ውንጨፋ ውሃ ጠጥቶ እንደ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ከአሮጌ የዘይት ጀሪካን ጠፍጣፋ ጎን የተቆረጠ ፕላስቲክ በጣም ጥሩ ክንፍ ይወጣዋል። አያያዙ በፕላስተር ይሁን። ትኩስ ሙጫ በቀጥታ ጠርሙሱ ላይ አያፍስሱ፤ ይህ ዓይነት ፕላስቲክ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፍ ሲል መለስለስ ይጀምራል፣ የለሰለሰው ቦታም ግፊት ሲመጣበት የሚቀደደው ቦታ ይሆናል። ክንፉን ከልክ በላይ ማስፋትም አያስፈልግም። በጣም ሰፊ ክንፍ ያለው ሮኬት ነፋስ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ዞሮ ይሄዳል። በእናንተ አገር ደግሞ የነፋስ እጥረት የለም፤ ሙከራውን ማለዳ ላይ ቢያደርጉት ይሻላል።

አሁን ከመወንጨፉ በፊት ይፈትኑት። የሮኬቱን የጎን ቅርጽ በልኩ ካርቶን ላይ ስለው ይቁረጡና ካርቶኑን በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ ምልክት ያድርጉ። የጎን አየር የሚገፋው በግምት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ባዶውን ሮኬት በጣት ላይ አስቀምጠው የክብደት ማዕከሉን ያግኙ። ባዶውን ያልኩት ውሃው ከግማሽ ሴኮንድ በታች ተተፍቶ ስለሚያልቅና ከዚያ በኋላ ያለው በረራ ሁሉ በባዶ ጠርሙስ ስለሆነ ነው። የክብደት ማዕከሉ ከካርቶኑ ነጥብ ወደ ራስ በኩል የጠርሙሱን ውፍረት ያህል፣ ማለትም 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ መቅደም አለበት። የካርቶኑ ዘዴ ነጥቡን ከእውነተኛው ይልቅ ትንሽ ወደ ራስ አስጠግቶ ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ በካርቶን ያለፈ ሮኬት በአየር ላይ አያሳፍርም። ተማሪዎቹ በዐይናቸው ማየት ከፈለጉ በክብደት ማዕከሉ ላይ ሁለት ሜትር ሲባጎ አስረው ከራስ በላይ ያሽከርክሩት። ራሱን አስቀድሞ ከዞረ ደኅና ነው፤ በጎኑ ወይም በጭራው ከዞረ ጭቃ ይጨምሩ ወይም ቆቡን ያስረዝሙ።

የውሃውን መጠን በአንድ ቃል ልለፈው፦ ሲሶ። ለሁለት ሊትር ጠርሙስ 600 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ጉልበቱን የሚያጠራቅመው የታመቀው አየር ነው፤ ውሃው ከግማሽ ካለፈ ለአየሩ ቦታ ይጠበዋል፣ የተረፈውም ውሃ ሸክም ይሆናል።

ቡሹን አልወደውም። የሚለቀው በፈለገው ግፊት ነው፤ ደረቅ ሲሆን ይነክሳል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ፖምፓ የሚነፋውም ልጅ ሮኬቱ መቼ እንደሚነሣ ሳያውቅ አጎንብሶበት ይገኛል። በምትኩ ግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ይፈልጉ፤ ወደ ሱቅ ሲሄዱ ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱና ቧንቧው ሳይጨናነቅ በአፉ መግባቱን እዚያው ይለኩ። ከዚያ ቶርኖ ቤት ወስደው ለኦሪንግ (አየር ለሚያትም ክብ የጎማ ቀለበት) የሚሆን ቦይ ያስወጡበት፤ ቦዩ ከቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ከግማሽ እንዳያልፍ። ኦሪንጉ ከጠርሙሱ አንገት ውስጥ ሲቀመጥ አየሩን ያትማል። ጠርሙሱን ጨብጦ የሚይዘው በቧንቧው ዙሪያ የተደረደረ የፕላስቲክ ኬብል ማሰሪያ ነው፤ የማሰሪያዎቹ ራስ ከአንገቱ ቀለበት በላይ ይቀመጥና ሰፋ ያለ የቧንቧ ቁራጭ ከውጭ ይጫናቸዋል። ያንን ቁራጭ በገመድ ወደ ታች ሲስቡት ማሰሪያዎቹ ይከፈታሉ፣ ሮኬቱ ይሄዳል። ቧንቧው ወደ ጠርሙሱ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ዘልቆ ከገባ በመነሻው ላይ እንደ ሐዲድ ይመራዋል፤ ውሃው ገና ከጭራው ባለበት በዚያች ቅጽበት ይህ በጣም ይጠቅማል። ገመዱ ከ10 ሜትር አይነስ። ፖምፓውም በረጅም ላስቲክ ይገናኝ፤ ተመልካች ሁሉ ከገመድ ሳቢው ኋላ ይቁም።

ግፊቱን በግምት አይሥሩ። መለኪያ ያለው ፖምፓ ከሌለ ከጎሚስታ መዋስ ይቻላል። ከ2 ባር ይጀምሩ፣ ከ4 ባር (58 ፒ ኤስ አይ ገደማ) አይለፉ። ጠርሙሱ ጋዝ ያለበት ለስላሳ የተሸጠበት ይሁን፤ የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ ስስ ስለሆነ ግፊት ለመሸከም አልተሠራም። የተጨማደደ፣ የተጫረ ወይም ነጭ መሥመር ያወጣ ጠርሙስ ይጣል። ፀሐይ ላይም አያቆዩት።

እኛ የብረት ሥራ ሰዎች ጋን ስንፈትሽ በአየር አንፈትሽም፣ በውሃ እንጂ። ውሃ አይታመቅም፤ ጋኑ ቢቀደድ ውሃው ይረጫል እንጂ ስብርባሪው አይወረወርም። እናንተም እያንዳንዱን ጠርሙስ ምንም አየር ሳይቀር እስከ አፉ ውሃ ሞልታችሁ 5.5 ባር ድረስ ንፉትና ለሁለት ደቂቃ ያዙት። የጸና ጠርሙስ ላይ በማርከር ምልክት ይደረግበት፤ ምልክት የሌለው ወደ መወንጨፊያው አይቅረብ።

የክብሪቱን ነገር በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው፤ በጥንቃቄም፣ በትንሹም ቢሆን አይሆንም። የክብሪት ራስ ለመፋተግ ተብሎ የተሠራ ቅመም ነው፤ ሲፋቅ፣ ሲጠቀጠቅ፣ ሲታመቅ በእጅ ላይ ይቀጣጠላል። በምን ፍጥነት እንደሚነድ የሚያውቅ የለም፤ አፉ በጠበበ ዕቃ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሮኬት መሆኑ ቀርቶ ፈንጂ ይሆናል። ርችት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሕንፃቸውን አራርቀው፣ በአንድ ክፍል ጥቂት ሰውና ጥቂት ቅመም ብቻ የሚያስቀምጡት ከልምድ ተምረው ነው። እኔ ቶርኖ ላይ ጣቱን ያጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ከርችት ጋር ተጫውተው ያጡትን ግን አይቻለሁ።

ልጆቹ የሚፈልጉት በማታ የሚታይ ነገር ከሆነ ግልጽ በሆነው ቆብ ውስጥ ከጭቃው ጋር ትንሽ የባትሪ አምፖል ይቅበሩ፤ ክብደቱን ከጭቃው ላይ ይቀንሱ። ባትሪው ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቅለል። ቀይና አረንጓዴ አምፖል ያላቸው ሁለት ሦስት ሮኬቶች በየተራ ሲወጡ ዘመድ አዝማድ ያጨበጭባል። ይህን ግን ሰው ከተሰበሰበበትና ደመራው ከሚነድበት ርቀው፣ በቀን ደጋግመው ሞክረው ቀጥ ብለው መሄዳቸውን ባዩአቸው ሮኬቶች ብቻ ያድርጉት፤ ጨለማ ሳይበረታ፣ የሚወድቅበትን ቦታ ማየት እየቻሉ።