የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አዲሷ ኒሳን ሊፍ ምኗ ነው የተለወጠው?

ኒሳን ሊፍ የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪናውን ሦስተኛ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ካደረገ ወዲህ ስለዚህች መኪና የሚደርሱን ጥያቄዎች በዝተዋል። ገሚሱ «መልኳን አበላሹት» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ «በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ትሄዳለች?» ብሎ ይደነቃል። ሁለቱም ወገን ዓይኑን የጣለው ከላይ በሚታየው ላይ ነው። እኛ ግን ትልቁ ለውጥ ከወለሉ ሥር ነው እንላለን፤ መልሶቻችንም ወደዚያው ያዘነብላሉ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል። ካልተጠቀሰ በቀር አሃዞቹ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበችውን መኪና የሚመለከቱ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሊፍ ዝቅ ያለች፣ ለከተማ የምትመች መኪና ነበረች። አሁን እንደ ሌላው ሁሉ ከፍ ከፍ አደረጓት። ምን አስፈለገ?

መልስ፦ ገዝፋ ብትታይም ርዝመቷ ከቀድሞዋ በ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀንሷል። የተሠራችው ሌላዋ የኒሳን የኤሌክትሪክ መኪና አሪያ በተሠራችበት መሠረት ላይ ስለሆነ ባትሪው ወለሉ ሥር እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። የጀርባዋ ቁልቁለት ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። አየሩ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚይዛት የሚያሳየው ቁጥር ከ0.28 ወደ 0.26 ወርዷል፤ ይህም በረጅም መንገድ ላይ በቀጥታ ወደ ኪሎ ሜትር ይመነዘራል። የኋላ ጎማዎቹን አንድ ላይ የሚያያዘው ብረትም ቀርቶ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት ሞላ ስለተተካ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ልዩነቱ ይታወቃል።

ከኮፈኑ ሥር የዕቃ ማስቀመጫ የለም ብላችሁ የጻፋችሁልን ትክክል ናችሁ። ቦታውን ሞተሩና አጋሮቹ ይዘውታል።

ጥያቄ፦ የአሮጌዋ ሊፍ ባትሪ ቶሎ ይደክማል ሲባል ሰምቼ ነበር። አዲሷስ ያው አይደለችም?

መልስ፦ አይደለችም። ለምን እንዳልሆነች ማወቅ ለማንኛውም የኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ስለሚጠቅም ረዘም አድርገን እንመልሳለን።

የባትሪን ዕድሜ ከሁሉ በላይ የሚያሳጥረው ሙቀት ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ በአኖዱ (በአሉታዊው ጫፍ) ገጽ ላይ አንድ ስስ ሽፋን አለ። ያለ እሱ ባትሪው አይሠራም፤ ሙቀት ሲበዛበት ግን እየወፈረ ይሄድና ኃይል ማመላለስ የነበረበትን ሊቲየም አስሮ ያስቀረዋል። የታሰረው ሊቲየም አይመለስም። በግምት ሲሰላ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል።

ከ2010 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ትውልድ ማብቂያ ድረስ የተሠሩት ሊፎች ባትሪያቸው የታሸገ ሣጥን ነው። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አይዞርበትም፤ ሙቀቱ በሣጥኑ ብረት በኩል ቀስ እያለ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ቀዝቃዛ አገር ላይ ይህ ብዙም ችግር አላመጣም። በ2012 ግን በአሜሪካ አሪዞና፣ አስፋልቱ በሚያቃጥልበት በፊኒክስ አካባቢ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው መኪኖች አቅማቸው እየወረደ ባለቤቶቹ ቅሬታ አሰሙ። ኒሳን በኋላ ለ24 ኪሎዋት ሰዓቱ ባትሪ የ5 ዓመት ወይም የ60 ሺህ ማይል (97 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ) የአቅም ዋስትና ሰጠ። 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ችግር ታየ፦ በአንድ ቀን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ጊዜ ፈጣን ቻርጅ ሲደረግ ባትሪው ስለሚግል መኪናዋ ራሷ ኃይሉን ከ50 ኪሎዋት ወደ ግማሹና ከዚያም በታች ታወርደዋለች። ረጅም ጉዞ የሚወዱ ሰዎች ሊፍን የተዉት በዚህ ነው።

አዲሷ ላይ ፈሳሽ በባትሪው በኩል እየዞረ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ፈሳሹን የሚያቀዘቅዘው የመኪናዋ የራሷ የአየር ማቀዝቀዣ ነው። በብርድ ጊዜ ደግሞ ያው መስመር ባትሪውን ያሞቃል፤ ይህም ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የቀዘቀዘ ባትሪ በፍጥነት ከተሞላ ሊቲየሙ አኖዱ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይጋገራል።

ፈሳሽ ባለበት ግን የፈሳሽ ጣጣ አለ፤ ለአሮጌዋ ባትሪ የማያስፈልግ ክትትል ለአዲሷ ያስፈልጋል። የፈሳሹን ማጠራቀሚያ በየወሩ ይመልከቱ። መጠኑ እየቀነሰ ከሄደ ጨምሮ ዝም ማለት አይበቃም፤ የሚያፈስበት ቦታ መገኘት አለበት። በመመሪያው ከተጻፈው ሌላ ፈሳሽ፣ በተለይ የቧንቧ ውኃ፣ አይጨምሩ፤ ዝገትና ደለል ያመጣል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ፈሳሹ ከተቀየረ በኋላ መስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ ፓምፑ ይጮኻል፣ ባትሪውም አንድ ወገኑ ብቻ ይሞቃል። ወለሏ ድንጋይ ከነካም መኪናዋን በማንሻ ከፍ አድርጋችሁ የባትሪውን ሽፋን እዩት፤ የተጨፈለቀ ቦታ ካለ ሳይመረመር አይነዳ።

ጥያቄ፦ 29,990 ዶላር የሚባለው ዋጋ እውነት ነው? ለዚህ ዋጋስ ስንት ኪሎ ሜትር አገኛለሁ?

መልስ፦ ዋጋው ኤስ ፕላስ የምትባለው ደረጃ የወጣችበት ነው፤ 1,495 ዶላር የማድረሻ ክፍያ ይጨመርበታል። የአሜሪካ መንግሥት ለአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ ደግሞ መስከረም 30 ቀን 2025 (በፈረንጆች) አብቅቷል፤ እሱን እየቀነሱ የሚያሰሉ ካሉ ይተዉት።

እኛን ያስገረመን ሌላ ነው። ርካሿ ኤስ ፕላስ በአሜሪካው መለኪያ 303 ማይል (488 ኪሎ ሜትር ገደማ) ትሄዳለች፤ ውዷ ፕላቲነም ፕላስ ግን 259 ማይል (417 ኪሎ ሜትር ገደማ)። የሁለቱም ባትሪ 75 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 70 ኪሎ ሜትሩን የወሰደው ባለ 19 ኢንች ቸርኬውና ሰፊ ጎማው፣ ከዚያም ተጨማሪው ክብደት ነው። ርቀት የሚፈልግ ሰው ውዷን መግዛት የለበትም።

በአውሮፓ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሲባል ብትሰሙ ሌላ መኪና አይምሰላችሁ፤ የአውሮፓው መለኪያ በዝግታ ስለሚነዳ ቁጥሩን ያሳድገዋል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የአሜሪካውን ቁጥር ይያዝ፣ ከዚያም ላይ ይቀንስ።

ጥያቄ፦ ሁለት የቻርጅ ቀዳዳ ለምን? አንዱ አይበቃም ነበር?

መልስ፦ በዚህ ቅሬታ እንስማማለን። በአሜሪካዋ ሊፍ ላይ በአንደኛው ፓራፋንጎ የቴስላ ዓይነት ቀዳዳ አለ፤ እሱ ለፈጣን ቻርጅ ብቻ ነው። በሌላኛው ፓራፋንጎ ያለው ጄ1772 ለቤት ቻርጅ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቤቱ ውስጥ የቴስላ ቻርጀር ያለው ሰው ገመዱ ከቀዳዳው ጋር ሲገጥም አይቶ ይሰካል፤ አንድ ኪሎዋት እንኳ አይገባም። ከቴስላ ወደ ጄ1772 የሚቀይር አዳፕተር ገዝቶ በሌላኛው በኩል መሰካት አለበት። ሲሲኤስ (ሌላ የፈጣን ቻርጅ መሰኪያ ዓይነት) ብቻ ያለው ፈጣን ጣቢያ ላይ ለመሙላት ደግሞ ሌላ፣ ለከፍተኛ ኃይል የተሠራ አዳፕተር ያስፈልጋል። የቤቱን አዳፕተር ለፈጣኑ ማዋል አይቻልም።

ከሌላ አገር ያገለገለች ሊፍ የሚያስመጣ ሰው ቀዳዳውን በፎቶ ሳያይ አይክፈል። የአውሮፓዋ አዲስ ሊፍ ሲሲኤስ፣ የጃፓኗ ቻዴሞ የሚባለውን የጃፓን መሰኪያ ነው ያላት፤ አሮጌዎቹ ሁሉ ፈጣን ቻርጅ ካላቸው ቻዴሞ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሌሎች 800 ቮልት ሲሆኑ ይህች 400 አካባቢ ቀርታለች፤ 150 ኪሎዋትም ብቻ ነው የምትቀበለው። ዘገምተኛ አይደለችም?

መልስ፦ ከ10 እስከ 80 በመቶ በ35 ደቂቃ ትሞላለች። ሒሳቡን ብንሠራው 52.5 ኪሎዋት ሰዓት በ35 ደቂቃ ማለት በአማካይ 90 ኪሎዋት ነው። በዚህ ዋጋ ይህ ጥሩ ነው። የቴስላ ሦስተኛ ትውልድ ጣቢያዎች ደግሞ እስከ 500 ቮልት ብቻ ስለሚሰጡ እዚያ 800 ቮልቶቹ መኪኖች ፍጥነታቸው ይወርዳል፤ ሊፍ አይወርድባትም።

ብዙ ሰው «ጣቢያው 150 ተብሎ 70 ብቻ ሰጠኝ» ይላል። ከኪሎዋቱ ይልቅ አምፔሩን ያንብቡ። ባትሪው 375 ቮልት አካባቢ ላይ ሳለ 150 ኪሎዋት ለማግኘት 400 አምፔር ያስፈልጋል። ጣቢያው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ «200 አምፔር» ካለ ከ75 ኪሎዋት አይበልጥም፤ «125 አምፔር» ካለ 47 ገደማ ነው። መኪናዋ ጥፋት የለባትም።

ጥያቄ፦ ሼቭሮሌት ቦልትም ታድሳ መጥታለች። የቷን ትመርጣላችሁ?

መልስ፦ ቦልት 65 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አላት፣ ዓይነቱም ኤልኤፍፒ (ሊቲየም ብረት ፎስፌት) ነው፤ አምራቹ ጂኤም ከ10 እስከ 80 በመቶ በ26 ደቂቃ ትሞላለች ብሏል። ቤቱ እየሞላ አጭር መንገድ ለሚመላለስ ቦልት ትሻላለች፤ ኤልኤፍፒ በየጊዜው እስከ 100 በመቶ ቢሞላ ብዙ አይጎዳም። ለሊፍ የዘወትሩን ልክ 80 በመቶ ላይ አድርጎ 100 መሙላትን ለጉዞ ቀን ማቆየት ይበጃል። ረጅም መንገድ የሚበዛበት ሊፍን ይውሰድ።

ጥያቄ፦ አዲሷ ስትመጣ የአሮጌዋ ዋጋ ወረደ። የ2015 ሊፍ ልገዛ ነው፤ ምን ልይ?

መልስ፦ በጥንቃቄ ከተመረጠች ለከተማ ጥሩ ናት። በዳሽቦርዱ ላይ ከቻርጁ መለኪያ ጎን ያሉትን 12 ትንንሽ ሰረዞች ይቁጠሩ። ትልልቆቹ ቻርጁን ነው የሚያሳዩት፤ ትንንሾቹ የባትሪውን አቅም። ገዢ ሁለቱን ያምታታል፣ ሻጭም አያርመውም። የመጀመሪያው ሰረዝ ሲጠፋ 15 በመቶ አካባቢ አቅም ሄዷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ 6 በመቶ ገደማ ነው። 8 ሰረዝ የቀራት 24 ኪሎዋት ሰዓት ሊፍ 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ታወጣለች፤ በከተማ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ሰረዙን ብቻ ማመን ግን አይገባም፤ በኮምፒውተር ወደ 12 መመለስ ይቻላል፣ ለጥቂት ሳምንታትም ያታልላል። ስለዚህ በብሉቱዝ የሚሠራ የኦቢዲ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ) መሣሪያ ይዘው ይሂዱ፣ ከመሪው ሥር ይሰኩት፣ ስልክዎ ላይ ሊፍ ስፓይ የሚባለውን መተግበሪያ ይክፈቱ። የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ይወጣል፤ ከሰረዞቹ ጋር ካልተጣጣመ ድርድሩን ያቁሙ። ቀጥሎ የ96ቱን የሴል ጥንዶች ቮልቴጅ ይዩ። ቆማ ሳለች በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ከሆነ ደህና ነው። ዋናው ፈተና ግን ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች ሲሆን ነው፦ ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን አጥብቀው ይርገጡና ሌላ ሰው ስክሪኑን ይመልከት። አንዱ ሴል ሁልጊዜ እሱው ብቻ ከሌሎቹ ከ100 ሚሊቮልት በላይ ወደ ታች ከወደቀ ያ ሴል ደክሟል፤ ርቀቱን የሚወስነውም እሱ ነው። ሴሉ ያለበት ክፍል (ሞጁሉ) ተነጥሎ ሊቀየር ስለሚችል ወጪው ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ተደርጋ ብቻ የምትታይ መኪና ይህን ትደብቃለች።

የማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንድ ጊዜ ቢበሩ ወዲያው አይደንግጡ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። መኪናዋ ጠፍታ ካደረች በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፤ ከ12.2 በታች ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይሞላ ወይም ይቀየር።

ጥያቄ፦ 75 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በቤት ሶኬት ይሞላል?

መልስ፦ ሙሉውን በአንድ ሌሊት አይሞላም፤ የቀን መንገድን ግን ይመልሳል። በ230 ቮልትና 10 አምፔር 2.3 ኪሎዋት ይገባል፤ በ10 ሰዓት፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ባትሪው ላይ ይደርሳል፤ ይህም 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በ32 አምፔር ግድግዳ ላይ የሚገጠም ቻርጀር ከሆነ ባዶው በ12 ሰዓት ገደማ ይሞላል።

ለ32 አምፔር ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ ሌላ ዕቃ የማይጋራው ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ባለ 40 አምፔር ብሬከርና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ የራሱ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ መስመሩ ረጅም ከሆነ ሽቦው 10 ካሬ ይሁን። የመሬት ሽቦው በትክክል ካልተያያዘ መኪናዋ ራሷ አልሞላም ትላለች፤ ያንን ለማታለል የሚሸጡ መሣሪያዎችን አይንኩ፣ ሰው ይገድላሉ።

የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ ለሰዓታት 10 አምፔር ሲያልፍበት ውስጡ ይቀልጣል። ሶኬቱን ከአንድ ሰዓት ቻርጅ በኋላ በእጅ ይንኩት፤ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ያጥፉት። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቡኒ ቀለም ካዩ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተዎ የውስጡ ብሎን ላልቷል ማለት ነው፤ ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፣ ሶኬቱ ይቀየር፣ የጠቆረው የሽቦ ጫፍም ይቆረጥ። አዲስ መስመር ካስገቡም ከአንድ ወር በኋላ ባለሙያው ኃይሉን አጥፍቶ የብሬከሩንና የቻርጀሩን ብሎኖች ዳግም ያጥብቅ፤ መዳብ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይላላል።