ሴሚናሪ ለመግባት ላሰባችሁ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ ሴሚናሪ (የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት) ገብቼ ኤም ዲቭ የሚባለውን የመጋቢነት ማስተርስ ዲግሪ ተምሬ ዛሬ በአንድ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን በመጋቢነት አገለግላለሁ። ስለ ትምህርቱ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ እዚህ ልመልስ።

ፓስተር፣ ኤም ዲቭ ይሻለኛል ወይስ ኤም ኤ?
መጋቢ ልትሆን ከሆነ ኤም ዲቭ። በሰሜን አሜሪካ ሴሚናሪዎች ደንብ ኤም ዲቭ ቢያንስ 72 ክሬዲት ነው፣ ኤም ኤ 36። ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል።

የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። ይቀበሉኛል?
አዎ። አብዛኞቹ የሚፈልጉት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፣ በምንም ይሁን። ከቤተ ክርስቲያንህ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ያዝ።

ዕብራይስጥና ግሪክ አስፈሩኝ። ባልማራቸውስ?
እህቴ፣ እባክሽ አትሽሺ። ዕብራይስጥ ለእኛ ዘመድ ነው። ቤት፣ ስም፣ ደም፣ ዓይን፣ ነፍስ፤ ድምፃቸው ትንሽ ይለወጥ እንጂ ሁሉም እዚያ አሉ። መምህሬ ግስ ሊያስረባ ሰሌዳው ላይ «ቃታል» ብሎ ሲጽፍ የግዕዙ «ቀተለ» (ገደለ) ትዝ አለኝና ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አብረውኝ የተማሩት ፈረንጆች ቃል ከሦስት ፊደል ሥር እንደሚበቅል እስኪገባቸው ተቸግረዋል። እኛ ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ተሰባበረ እያልን ነው ያደግነው። ግሪኩ ላብ ያስወጣል። ቃላቱን በካርድ ጽፈሽ አውቶቡስ ላይ ሸምድጂ።

ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ አለ ሲሉ ሰማሁ። ምንድን ነው?
ሲፒኢ ይባላል፤ ሕሙማንንና ቤተሰቦቻቸውን በመንፈሳዊ አገልግሎት መደገፍን በተግባር የምንለማመድበት ሥልጠና ነው። አንዱ ዙር ቢያንስ 400 ሰዓት ነው። ከትምህርቱ ሁሉ እኔን የለወጠኝ እሱ ነው። አንድ ሌሊት ሚስታቸው ከሞቱባቸው ሰዓት ያልሞላቸው አዛውንት ክፍል ገባሁ። መዝሙር 23ን አነበብኩ፣ ጸለይኩ፣ ወጣሁ። እንደ ደንቡ የተነጋገርነውን ቃል በቃል ጽፌ ለቡድናችን አቀረብኩ። አሠልጣኛችን ወረቀቱን አይተው «እሳቸው የተናገሩት የት አለ?» አሉኝ። ገጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። የአዛውንቱ ቃል «እሺ» ብቻ ነበር። አገሬ ልቅሶ ቤት ሰው ገብቶ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ እያወቅኩ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

አዲስ አበባ ነኝ። የግድ አሜሪካ መምጣት አለብኝ?
የለብህም። እዚያው መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ከ1960 ጀምሮ፣ ኢጂኤስቲ የሚባለው የድኅረ ምረቃ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ከ1997 ጀምሮ አሉልህ፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። የምታገለግለው አገር ቤት ከሆነ እዚያው ተማር እላለሁ። አብረውህ የሚማሩት ነገ የሥራ ባልደረቦችህ ናቸው።

በኤፍ 1 (በተማሪ) ቪዛ እየሠራሁ ቤተሰብ ላስተዳድር?
አይሆንም። ትምህርት ላይ እያለህ ግቢ ውስጥ የሚፈቀድልህ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ስኮላርሺፕ ሳትይዝ አትነሳ።

ሽማግሌዎቻችን «ፊደል ይገድላል» እያሉ ይቃወሙኛል። ምን ልበላቸው?
ቃሉ 2ኛ ቆሮንቶስ 3 ላይ ነው። ከምዕራፉ መጀመሪያ አብራችሁ አንብቡት፤ የሚናገረው በድንጋይ ጽላት ላይ ስለ ተቀረጸው ሕግ ነው። ጳውሎስ ራሱ በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሰው ነው። ግን አትከራከራቸው፣ ወንድሜ። ተምሮ ጸሎት የተወ ሰው አይተው ይሆናል፤ ስጋታቸው ከፍቅር ነው። በየጊዜው የተማርከውን አጫውታቸው፣ ጸልዩልኝ በላቸው። ስትሾም እጅ የሚጭኑብህ እነሱ ናቸው።