የአንባቢያን ጥያቄ፦ አካል ጉዳተኛ ልጅ በልጆች ታሪክ ውስጥ

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ከ8 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ባለታሪኳ ትርሲት ሴሬብራል ፓልሲ አለባት። እጅና እግሯ ይገተራል፣ ንግግሯ አይጠራም፣ ትምህርት ላይ ግን የሚደርስባት የለም። ጉብዝናዋን ለአንባቢው እንዴት ላሳየው? መጨረሻ ላይስ ተነስታ ብትሄድ ያስኬዳል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ከሁለተኛው እንነሳ፤ አያስኬድም። ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አእምሮ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጨቅላነት ጊዜ ሲጎዳ የሚመጣ ነው። የአእምሮው ጉዳት እያደር አይሰፋም፣ ድኖም አይጠፋም። ፊዚዮቴራፒ ጡንቻን ያፍታታል፣ እንቅስቃሴን ያግዛል፤ በአንድ ጀምበር ግን ማንንም አያስሮጥም። ትርሲትን በመጨረሻው ገጽ ካስነሷት፣ መጽሐፉን ዊልቸር ላይ ሆና የምታነብ ልጅ ደስታ ለሚራመድ ብቻ እንደሆነ ትረዳለች። ይህን እንዳያደርጉባት አደራ እንላለን።

ጉብዝናዋም ካሳ አይሁን። «እግሯን ቢነሳት አእምሮ ሰጣት» የሚባለውን ይተዉት። ልጅቷ የምትፈልገው ነገር ይኑራት፣ ብልህነቷም እሱን ስትፈልግ ይታይ።

ለዚህ ሰውነቷን በደንብ ይወቁት። ስትደነግጥ፣ ስትቸኩል፣ በጣም ደስ ሲላትም ጡንቻዋ ይበልጥ ይገተራል። ስለዚህ «ቶሎ በይ!» በተባለች ቁጥር እርሳሱ ከእጇ ይወድቃል። ምላስ፣ ከንፈርና ትንፋሽም በጡንቻ ስለሚሠሩ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሦስት ቃል ቢወጣላት ነው። ታናሽ ወንድሟ ይገባዋል፣ እንግዳ ሰው አይገባውም።

የፊደል ሰሌዳ ይስጧት። 33ቱን ፊደላት በሰባት አባዝተን 231 ሳጥን ብንሠራ በተጨበጠ እጇ መለየት አትችልም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የሚሰፍሩት 33ቱ የግዕዝ ፊደላትና ከ1 እስከ 7 ያሉት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ በጠቅላላው 40 ሳጥን። እያንዳንዱን 5 በ5 ሴንቲሜትር ብናደርገው 40 በ25 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ጭኗ ላይ የሚያርፍ ካርቶን ይወጣል። መጀመሪያ ፊደሉን፣ ቀጥሎ ስንተኛው እንደሆነ ትነካለች።

አሁን እንቆቅልሽ ያጫውቷቸው። «ቀን ከሌት ሄዶ የማይደክመው?» ይላል አንዱ። ትርሲት «ወ»ን ትነካለች፣ ከዚያ 1ን። ልጆቹ «ወፍ!» ብለው ይጮሃሉ። ራሷን ትነቀንቃለች። ጭብጧ ወደ «ነ» ሲሄድ ጠያቂው «አገር ስጪኝ!» ይላታል። እጇ ይገተራል። መልሱ «ወንዝ» ነው፤ ሦስት ፊደል፣ ስድስት ንክኪ። ታውቀዋለች፣ ጊዜ ግን አልሰጧትም። የስምንት ዓመት አንባቢ ይህ ግፍ እንደሆነ ያለ አስረጂ ይገባዋል። የታሪኩም ማብቂያ እዚሁ አለ፦ «አገር ስጪኝ» የሚባለው እጇን ከሰሌዳው ስታነሳ ብቻ እንዲሆን ልጆቹ ይስማሙ።

ንግግሯን በተቆራረጠ ፊደል አይጻፉት፤ ከአንድ ገጽ በኋላ አንባቢ ይሰለቻል፣ ሞኝም ያስመስላታል። ያለችውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ሰሚው ምን እንደመሰለው በአንድ ሐረግ ያክሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ባለታሪክ በሁለት ክራንች ነው የሚሄደው። ክረምት ላይ ጭቃ አቋርጦ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ምን ልጠንቀቅ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እጆቹን። ሁለቱም ተይዘዋል፤ ጃንጥላ አይዝም፣ እየሄደ ዳቦ አይበላም፣ ደብተሩም ጀርባው ላይ ነው። በብብት የሚያዝ ክራንች ከሆነ፣ ከጫፉ እስከ ብብቱ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ክብደቱን የሚሸከመው መዳፉ ነው። ብብቱ ላይ ከተደገፈ ነርቭ ይጫናል፣ እጁ ይደነዝዛል። የታችኛው ጎማ ሲያልቅ እርጥብ ሊሾ ላይ ያንሸራትታል፤ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ክራንቹ ይሰምጥና ሲነቅለው ሚዛኑን ያሳጣዋል። አንድ እግሩ ብቻ ደካማ ከሆነ ደረጃ ሲወጣ ጠንካራው እግር ይቀድማል፣ ሲወርድ ክራንቹና ደካማው። ሠዓሊዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይገለብጡታል፤ ሥዕሉን ሳይታተም ይዩት።

ዊልቸር የሚጠቀም ጓደኛ ካስገቡ መወጣጫውን ያስሉ፦ ለ1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ደረጃዎች 3 ሜትር ከ60 ይፈልጋሉ። በአንድ ጣውላ ከቀለለ ታሪኩ ውሸት ሆነ።

ጥያቄ፦ «ሽባ»፣ «አንካሳ» የሚሉትን ቃላት ከነጭራሹ ላውጣቸው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከተራኪው አፍ፣ አዎ። እሱ «አካል ጉዳተኛ» ይበል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን በስም መጥራት ነው። ተሳዳቢው ልጅ አንዴ ቢለው ግን ይተዉት፤ ልጆች ሰፈር ውስጥ ይሰሙታልና። ሲባል ባለታሪኩ ምን እንዳደረገ ወዲያው ይጻፉ። «ምስኪን»ን ግን ከሁሉም ገጽ ይሰርዙ።