«ከጉግል ጋር ግባ» ወይስ «በጉግል ይግቡ»?

ጥያቄ፦ «ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ የአንድ ማሠልጠኛ ድረ ገጽ አለን። ሰዎች አዲስ የይለፍ ቃል ማውጣት ሳያስፈልጋቸው በጉግል ወይም በፌስቡክ አካውንታቸው እንዲገቡ እያደረግሁ ነው። ኮዱ ሠርቷል፤ ያስቸገረኝ አማርኛው ነው። እኔ ሰው ለመግባት የሚጫነው ቁልፍ ላይ ‹ከጉግል ጋር ግባ› ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ‹በጉግል ሎግ ኢን ያድርጉ› ይሻላል አሉ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከላይ ‹ማኅበራዊ መግቢያ› የሚል ርዕስ ጨመረበት። ሰው ሲገባ ‹እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ› ብሎ የቤተሰብ ስሙን ያስከትላል። ድረ ገጹ ሰውን ሳያስገባ ሲቀር ከሚያወጣቸው የስህተት ቁጥሮች 401ን ‹አልተፈቀደልዎትም›፣ 403ን ‹ክልክል ነው› ብያቸዋለሁ። ቢያዩልኝ?» ስ. ከአዳማ

መልስ፦ ስምዎን በአንድ ፊደል ስለቋጩት ወንድ ይሁኑ ሴት አላወቅሁም። «ወንድሜ» ብዬ ጀምሬ እህት ሆነው ቢገኙ ማፈሬ ነው። ስለዚህ «እርስዎ» ብዬ ተገላገልኩ። የእርስዎም ቁልፍ ያለው እዚሁ ጣጣ ውስጥ ነው። «ግባ» ሲል ሴቷን ይዘላታል፤ «ግቢ» ሲል ወንዱን። በአማርኛ ከማዘዛችን በፊት የምናዘውን ሰው ማወቅ አለብን። ቁልፉ ግን ሰውየውን አያውቀውም፤ ገና አልገባማ! ከገባ በኋላም ቢሆን ጉግል በተለመደው አሠራር የሚልክልዎ ስም፣ ኢሜይልና ፎቶ ነው። ፆታ አይልክም። ስለዚህ «ይግቡ» ይበሉ። አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ ፆታን ከመገመት ያድንዎታል።

አሁን ወደ «ከጉግል ጋር» ልምጣ። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ተርፎ ይታያል። እንግሊዝኛ በማንኪያ መብላትንና ከወንድም ጋር መብላትን በአንድ ቃል ይገልጻቸዋል። እኛ እንለያቸዋለን። ማንኪያው «በ» ይወስዳል፤ ወንድምየው «ከ… ጋር»። ጉግል እዚህ ማንኪያው ነው እንጂ ወንድምየው አይደለም። «ከጉግል ጋር ግባ» የሚለውን ሳነብ ሰውየውና ጉግል ክንድ ለክንድ ተያይዘው በር ላይ ሲጋፉ ነው የሚታየኝ።

ደስ የሚለው ደግሞ «በ» ከ«ገባ» ጋር ስትገናኝ ሁለት ነገር መያዟ ነው። በትኬት ገባ፣ በመታወቂያ ገባ ስንል መሣሪያውን ነው። በበር ገባ፣ በጓሮ ገባ ስንል መንገዱን ነው። እርስዎ የሠሩትን ነገር ይመልከቱት። ሰውየው ቁልፉን ሲጫን ድረ ገጹ ወደ ጉግል ይልከዋል። ማንነቱን እዚያ ያስረዳል። ጉግል እንደ ይለፍ ወረቀት ያለ አንድ ኮድ አስይዞ ይመልሰዋል። ከዚያ በጃቫ የሠሩት ፕሮግራም ያንን ኮድ ይዞ ከጉግል ጋር በጓዳ ተነጋግሮ ያስገባዋል። መታወቂያውም ጉግል ነው፤ ዞሮ የመጣበትም መንገድ ጉግል ነው። አንዷ «በ» ሁለቱንም ተሸከመች። «በጉግል በኩል ይግቡ» ቢሉም ስህተት የለውም፤ ለቁልፍ ግን ይረዝማል። «በ»ን መጣል ግን አይሆንም። «ጉግል ይግቡ» ካሉ ሰዉን ወደ ጉግል ላኩት ማለት ነው።

አለቃዎ አልተሳሳቱም። በንግግር ሁላችንም «ሎግ ኢን አድርጌ» እንላለን፤ እኔም እላለሁ። አማርኛ የውጭ ግስ ሲያስገባ «አድርጎ»ን አስይዞ ማስገባት ልማዱ ነው። ግን «ግባ» የሚል ልጅ አዋቂው የሚያውቀው አጭር ቃል በእጃችን እያለ ቁልፉን በሦስት ቃል ማጨናነቅ ለምን? በስልክ ሲያወሩ ሎግ ኢን ያድርጉ፤ ቁልፉ ላይ ይግቡ።

«ማኅበራዊ መግቢያ»ን ግን ያውጡት። እኔ ሳነበው የእድር ድንኳን ነው የታየኝ። ጉግልስ ቢሆን ምኑ ማኅበራዊ ነው? «በሌላ አካውንት ለመግባት» ካሉ በቂ ነው። «አካውንት»ን ደግሞ «ሒሳብ» ብለው እንዳይተረጉሙት። «በጉግል ሒሳብዎ» የተባለ ሰው መጀመሪያ ኪሱን ነው የሚዳስሰው።

ሰላምታው ላይ ያለው ስህተት ከሁሉም ይከብዳል። ጉግል ስምን ሁለት ቦታ ከፍሎ ይልካል፦ የመጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም። ይህ አከፋፈል የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች የተሰፋ ልብስ ነው። አብዛኞቻችን በሁለተኛው ሣጥን የምንሞላው የአባታችንን ስም ነው። አልማዝ ከበደ ገባች እንበል። የእርስዎ ድረ ገጽ «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ከበደ» ይላታል። የተጠሩት አባቷ ናቸው፤ ምናልባትም ካረፉ ቆይተዋል። አበበ ከበደ ቢገባም ያው ነው፤ «አቶ» የሚቀጠለው በራሱ ስም ላይ ነውና «አቶ አበበ» እንጂ «አቶ ከበደ» አይባልም። የመጠሪያ ስሙን ይውሰዱ፤ «አቶ»ን ይጣሉ፦ «እንኳን ደህና መጡ፣ አልማዝ»። አክብሮቱን «መጡ» ይዞታል። ከስሙ ቀጥሎ ግስ የሚመጣ ከሆነም ይጠንቀቁ፤ «አልማዝ ገብቷል» የሚል መልእክት ብዙ ቦታ አይቻለሁ። እዚያም «ገብተዋል» ነው።

ስህተቶቹ። 401 የተሰጠው እንግሊዝኛ ስም ራሱ ያሳስታል፤ ቃል በቃል ሲተረጎም «ያልተፈቀደ» ይሆናል። ትርጉሙ ግን «ማን መሆንዎን አላወቅንም» ነው። የመሥሪያ ቤት ዘበኛን ያስቡ። «መታወቂያ?» ሲል 401 ነው። መታወቂያውን አገላብጦ አይቶ «እዚህ የሚገባው ሠራተኛ ብቻ ነው» ሲል 403 ነው። አንዱ ማረጋገጥ ነው፤ ሌላው መፍቀድ። ስለዚህ ለ401 «እባክዎ መጀመሪያ ይግቡ»፣ ለ403 «ይህን ገጽ ለማየት ፈቃድ የለዎትም» ይበሉ። «ክልክል ነው» አጥር ላይ ነው የሚያምረው።

ነገሩ የተደበላለቀው በአማርኛ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው መግቢያ የቆመበት ደንብ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኦኦዝ 2.0 (OAuth)፣ የተሠራው ለፈቃድ ነበር፤ ውክልና እንደመስጠት ያለ ነው። «ይህ ሰው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ ኦፕን አይዲ ኮኔክት (OpenID Connect) የተባለ ሌላ ደንብ በ2014 ከላዩ ተደረበ። መግቢያውን የሠሩት ስፕሪንግ ሴኪዩሪቲ በተባለው የጃቫ መሣሪያ ከሆነ፣ ራሱ በሚያወጣው መግቢያ ገጽ ላይ የኦኦዝን ስም ይጽፋል። እሱን አይተርጉሙት፤ የራስዎን ገጽ ይሥሩ። ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው የቁልፉን ፋብሪካ ማወቅ የለበትም።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። የመውጫውን ቁልፍ ምን አሉት? ባለፈው በአንድ ድረ ገጽ ላይ ክፍያዬን ፈጽሜ ስጨርስ ጥግ ላይ በቀይ «ውጣ!» ይለኛል፤ ከነቃለ አጋኖው። ከፍዬ እኮ ነው! «ይውጡ» ቢልም እምብዛም አይሻልም፤ እንግዳን በአንቱታ ማስወጣት ነው። እዚህ ላይ «ይግቡ»ን መከተል አይጠቅምም። እኔ ብሆን «ልውጣ» እል ነበር። ተናጋሪው ራሱ ተጠቃሚው ስለሚሆን ፆታም አክብሮትም አያስጨንቅም። በዚያው ሂሳብ «በጉግል ልግባ»ም ያምረኛል፤ ለተማሪዎች ለሚሠራ ገጽ በተለይ። አለቃዎ ይህ ቀለለብኝ ካሉ ግን በየሕንፃው በር ላይ የምናነበው «መውጫ» አለልዎ።