ልቤ ከተስተካከለ መድኃኒቱን ለምን እቀጥላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ57 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ለብዙ ዓመት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነድቻለሁ፤ አሁን የመለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ደም ግፊትና ስኳር አለብኝ። ከአራት ወር በፊት ልቤ ድው ድው እያለ አላስቀምጥ ሲለኝ ሆስፒታል ሄድኩ። የልብ ምት የሚመዘግበውን ምርመራ፣ ኤሲጂ፣ ተነሥቼ «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባል የልብ ምት መዛባት ነው» ተባልኩ። ሁለት ቀን ተኝቼ ምቱ ተስተካከለ፤ የደም ማቅጠኛና ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ይዤ ወጣሁ። አሁን ምንም አይሰማኝም። ማቅጠኛውን ካቆምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሕመሙ ይመለስብኛል? ቡና ልተው? ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ቢራ እጠጣለሁ፤ ጫትም ከመንገዱ ጋር የለመድኩት ነው። ባለቤቴ ደግሞ ማንኮራፋትህ አላስተኛ አለኝ ትላለች።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደሚከታተልዎ ሐኪም ይሂዱና ማቅጠኛውን ማቆምዎን ይንገሩት። አይቆጣዎትም፤ ቢቆጣም ይሂዱ። ያለፈዎትን ለማካካስ ብለው ግን ደርበው እንዳይውጡ።

ለምን እንደምለምንዎ ልንገርዎ። በዚህ ሕመም የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ተኮማትረው ደም መግፋት ያቆሙና ምድጃ ላይ እንዳለ ሽሮ ይንተከተካሉ። በግራ በኩል ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥ ደም ይተኛል። የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ሆነ ማለት ነው። ሕመሙ የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ክፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይሰማ መጥቶ ሳይሰማ መሄዱ ነው። እርስዎ ደህና ነኝ ብለው ሱቅዎ ውስጥ ተቀምጠው ልብዎ ለሰዓታት ሊንተከተክ ይችላል። ስለዚህ ማቅጠኛው የሚታዘዘው ዛሬ ምቱ ምን ይመስላል ተብሎ አይደለም። ግፊት አለ ወይ፣ ስኳር አለ ወይ፣ ዕድሜ ስንት ነው ተብሎ ነው። እርስዎ ግፊትም ስኳርም አለብዎት።

ይመለሳል ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ የመመለስ ጠባይ አለው። በ1995 ሆላንድ ውስጥ በፍየሎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የፍየሎቹን ልብ በመሣሪያ ሆን ብለው እያዛቡ ተከታተሉ። መጀመሪያ ላይ መዛባቱ በሰከንዶች ውስጥ በራሱ ይቆም ነበር። አንድ ሁለት ሳምንት ሲደጋገም ግን በአብዛኞቹ ላይ ከ24 ሰዓት በላይ ይቆይ ጀመር። ሕመሙ ራሱን ይወልዳል ማለት ነው። በሰውም ላይ መንገዱ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ መጥቶ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ከሳምንት በላይ ይቆያል፤ በመጨረሻ ጠቅልሎ ይገባል። እርስዎ ገና መጀመሪያው ላይ ነዎት። ብዙ ሥራ መሥራት የሚቻለውም አሁን፣ ምንም በማይሰማዎት ጊዜ ነው።

ግፊትዎ ከ130/80 በታች ቢሆን ደስ ይለኛል። ለዓመታት ከፍ ያለ ግፊት የልብን ግድግዳ ያደነድናል፤ የላይኛውን ክፍል ይለጥጣል። የተለጠጠ ልብ ደግሞ ለመዛባት ቅርብ ነው። ስኳርዎንም እንዲሁ ይያዙት።

ቢራውን በተመለከተ አልሸፋፍንልዎትም። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ ሕመም ያለባቸውን 140 ጠጪዎች ያጠኑ ሐኪሞች ውጤቱን በ2020 አውጥተዋል። መጠጥ እንዲያቆሙ ከተደረጉት በስድስት ወር ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው 53 በመቶ ናቸው። እንደ ልማዳቸው ከቀጠሉት ግን 73 በመቶ። ይህን ያህል ልዩነት አንድ ክኒን ቢያመጣ ኖሮ ሁላችንም ተሻምተን እንገዛው ነበር። ጫቱ ደግሞ ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ይተዉት። የሾፌርነት ጓደኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አሁን ሌሊት የሚነዱበት መንገድ የለም።

ቡናዎን ግን አልነካብዎትም። ሁለት ሦስት ሲኒ ይህን ሕመም እንደሚያመጣ ጥናቶቹ አያሳዩም። እርስዎ ራስዎ ቡና ስጠጣ ይነሣብኛል የሚሉ ከሆነ ብቻ ይቀንሱ።

ማንኮራፋቱን በመጻፍዎ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው አይናገረውም፤ እኛም ሳንጠይቅ እናልፋለን። ባለቤትዎ አንድ ሌሊት ነቅተው ያዳምጡ። ድምፁ ድንገት ጸጥ ብሎ፣ ትንፋሽ ቆሞ፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ እርስዎ እንደ መታነቅ ብለው ይነሣሉ? ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀን ሱቅ ውስጥ ማንቀላፋትስ? ይህ ካለ ጉሮሮ በእንቅልፍ ላይ እየተዘጋ ነው። በተዘጋ ቁጥር ኦክስጅን ይወርዳል፣ ግፊት ይተኮሳል፣ የልብ የላይኛው ክፍል ይሳባል። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ለዚህ ሕመም ምቹ መሬት ያዘጋጃል። ባለቤትዎ በስልክ ቢቀርጹልዎ ለሐኪምዎ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ክብደትዎን አልነገሩኝም። የሾፌር ቦርጭ ካለ ግን ይሥሩበት። በ2015 የወጣ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ከክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱ ሰዎች ከመዛባት ነፃ ሆነው የመቆየት ዕድላቸው ስድስት እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። የአዳማ ፀሐይ ሳይከርር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ይውጡ፤ ወደ ሱቅም በባጃጅ ሳይሆን በእግር ይሂዱ።

ማቅጠኛው ዋርፋሪን ከሆነ ስለ ጾም ላንሣ። በጾም ወራት ጎመን በገበታው ላይ ይበዛል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። ጎመን አይብሉ አልልም፤ መጠኑ አይዘበራረቅ። ጾም ሲገባና ሲፈታ አይኤንአር፣ ማለትም ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካውን ምርመራ፣ ይመርመሩ፤ ውጤቱ ለአብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ለወገብ ሕመም ብለው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይውሰዱ፤ ያደማሉ። ወባ ቢይዝዎ፣ አንቲባዮቲክ ቢታዘዝልዎ፣ የባህል መድኃኒት ቢሰጥዎ የልብ መድኃኒት እንደሚወስዱ አስቀድመው ይናገሩ። ጸበል ቢጠጡም መድኃኒቱ አይቋረጥ።

ይህን የሚያነቡ ወጣቶችም ይኖራሉ። በአገራችን ብዙ ወጣት ይህ ሕመም የሚይዘው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ በር፣ ቫልቩ፣ ተጎድቶ ነው። እነሱ የታዘዘላቸውን የፔኒሲሊን መርፌ ማቋረጥ የለባቸውም። ቫልቩ የጠበበ ሰው ደግሞ ጓደኛዬ አዲሱን ማቅጠኛ ይወስዳል ብሎ ከዋርፋሪን አይለውጥ።

አንድ ልማድ ይጀምሩልኝ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ሁለት ጣት ከአውራ ጣትዎ በታች አንጓ ላይ አሳርፈው አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አረማመዱን ያዳምጡ። እንደ ሰዓት እኩል እኩል ከሄደ ጥሩ። አንዴ ፈጥኖ፣ አንዴ ዘግይቶ፣ ምንም ሥርዓት ከሌለው ይጻፉትና ኤሲጂ ይነሡ። ደረት ከያዘዎት፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም መተንፈስ ካቃተዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈም በተገኘው መኪና፣ ባጃጅም ቢሆን፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

የግፊቱንና የምቱን ቁጥር የጻፉበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ። ባለቤትዎም አብረው ይግቡ፤ ሌሊቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።