ፕሮጀክተሩ መጥቷል፣ ምን ላስተምርበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 60 ምናምን ተማሪ አለ። ዘንድሮ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ላፕቶፕ አገኘን። ዳይሬክተራችን “በቴክኖሎጂ አስተምሩ” ይላሉ፣ በሥራ አፈጻጸም ምዘናም ነጥብ ይያዝበታል። ስላይድ ሠርቼ ገባሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ደስ አላቸው፣ ከዚያ ግን ዝም ብለው ስላይዱን ወደ ደብተር መገልበጥ ያዙ። የሚጠይቅ የለም። ነባር መምህራን ደግሞ “ያው ፕላዝማው ተመልሶ መጣ” ይሉኛል። የእውነት ይጠቅማል ወይስ ለሪፖርት ብቻ ነው?
(የፊዚክስ መምህርት፣ ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሙያ ባልደረባዬ ነሽና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ይጠቅማል። ስላይድ ለማስገልበጥ ከሆነ ግን ጥቁር ሰሌዳው ይበቃሽ ነበር።

የነባሮቹን ነገር በቀላሉ አትለፊው። ያኔ ያልነበርሽ ከሆነ ባጭሩ ልንገርሽ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተገጠሙ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ምስሉ ጥሩ ነበር፤ ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራ በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ፣ አይቆምም። ቴሌቪዥኑ “ይህን ጥያቄ ሥሩ” ይላል፣ ልጁ ገና እስክሪብቶ ሳያነሳ መልሱ ይመጣል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ትምህርት አለፈ ማለት ነው። መምህሩ አስተዋውቆ ዳር ይቆማል፣ መጨረሻ ላይ በተረፈችው ደቂቃ ያጠቃልላል። ብዙ ጎበዝ መምህራንን የጎዳቸው ይሄ ነው፤ ክፍሉ የእነሱ ሆኖ ሳለ ማቆሚያው በእጃቸው አልነበረም።

ያንቺ ግን ይቆማል። እንግዲህ እሱን ተጠቀሚበት።

እንዴት? አንድ ምሳሌ ልውሰድ፣ ከራስሽ ትምህርት። ኤሌክትሪክ ስታስተምሪ ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች በተከታታይ፣ ማለትም በሲሪስ፣ የተያያዙበት ሰርኪዩት አሳያቸው። ማብሪያው ገና አይብራ፣ አምፖሎቹም አይብሩ። “የትኛው ይበልጥ ይበራል? የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው ወይስ እኩል?” ብለሽ ጠይቂ። ቀመሩን በቃሉ የሚወጣልሽ ልጅ እንኳ ሳይቀር “የመጀመሪያው” ሊልሽ ይችላል፤ ምክንያቱም ከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰቱ፣ መንገድ ላይ የሚያልቅ፣ የመጀመሪያው አምፖል በልቶ የተረፈውን ለሁለተኛው የሚያሳልፍ ይመስለዋል። ይህ የእኛ አገር ልጆች ብቻ ችግር አይደለም፣ የፊዚክስ መምህራን በየአገሩ የሚያውቁት ነው። ስላይድ እየገለበጠ ሳለ ግን ይህ ሐሳብ ውስጡ እንዳለ በፍጹም አታውቂም።

መጀመሪያ እያንዳንዱ መልሱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በጣት ያሳዩ፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት። መልሱን አትናገሪ! አብሮት ከተቀመጠው ልጅ ጋር ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ይከራከሩ፣ እንደገና ጣት ያሳዩ። ማብሪያውን አሁን አብሪው። እኩል ይበራሉ። የከረንት መለኪያውን አሚተር ከአምፖሎቹ በፊትም በኋላም አስገቢው፣ ንባቡ አንድ ነው። ይህን አካሄድ የሃርቫርዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሲያስተምሩበት የኖሩት ነው፣ ለአንቺ 60 ተማሪ ደግሞ ከጣት በቀር ምንም አያስወጣም።

ሰርኪዩቱን ለማሳየት “ፌት” (PhET) የሚባለውን ነፃ የማስመሰያ ፕሮግራም ፈልጊ። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ነው። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አንዴ አውርደሽ በፍላሽ ከያዝሽው ክፍል ውስጥ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። የከረንቱን ፍሰት ጭምር ስለሚያሳይ ጠመኔ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል።

ስሌት ግን በፕሮጀክተር አታሳዪ። ቀመር ከቀመር ስታወጪ በሰሌዳ ላይ በእጅሽ ስትጽፊ ልጁ አብሮሽ ያስባል፣ ስትሳሳቺ እንኳ ያርምሻል፤ ተሠርቶ ያለቀ ስላይድ ሲመጣለት ግን የሚቀረው መገልበጥ ነው። ስለዚህ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ሩቡን ያህል ብቻ ብታበሪው ይበቃል፣ ሌላውን አጥፊው።

ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ከሆነ ያለ መጋረጃ ምንም አይታይም፣ ይህን አስቀድመሽ ጠይቂ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ፕሮጀክተሩ ይሞታል። ለዚያ ቀን ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት አንድ ዓይነት የባትሪ አምፖልና ሽቦ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። እንዲያውም መብራት ባይጠፋም እውነተኛውን አሳያቸው።

ዳይሬክተሩን በተመለከተ፣ ፕሮጀክተር ስንት ጊዜ እንደበራ መቁጠር ማስተማርን መመዘን አይደለም፣ ይህን በአክብሮት ግን በግልጽ ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው። ልጆቹ የሚከራከሩበት ቀን ክፍልሽ ገብተው እንዲያዩ ጋብዣቸው።

ጥያቄ፦ የልጄ መምህር የቤት ሥራ የሚልኩት በቴሌግራም ብቻ ነው። እቤት ያለው ስማርት ስልክ የኔ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ሥራ ውዬ ማታ ነው የምገባው። ልጄ የቤት ሥራ ባለመሥራቷ ተቀጣች። ምን ላድርግ?
(አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥፋቱ የልጅዎ አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቴሌግራም፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰጥ የነበረው ትምህርት መሣሪያው ያልነበረበትን ቤት ልጅ አልደረሰውም። ትምህርት ቤት ክፍት ሆኖ ልጆቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳለ ያንኑ መድገም ምክንያት የለውም። የቤት ሥራው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ቴሌግራሙ ለቀረ ልጅ ማስታወሻ ይሁን። የመጽሐፍ ሶፍት ኮፒ ከሆነ ደግሞ አንዴ ስልክዎ ላይ ይጫኑት፣ ያለ ዳታ ማታ ማታ ይከፈታል። መምህሩን ግን ራስዎ ሄደው ያነጋግሯቸው እንጂ ልጅዎን አይላኳት። በጓደኞቿ ፊት “ስልክ የለንም” ማለት ይከብዳታል።