«የኅብረት ስምምነቱ ላይ ስለ ወረርሽኝ ምን እናስገባ?» ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የደኅንነት ኮሚቴ ውስጥ አዲስ ተመርጠሻል፣ የኅብረት ስምምነታችሁ ሊታደስ ነው፣ ማኔጅመንቱ ደግሞ «ኮሮና አልፏል፣ የወረርሽኝ አንቀጽ ምን ያደርጋል» ብሏችኋል። ልምድ ያለው ካለ ይንገረኝ ነው ያልሽው። እኔ አለኝ፣ ከሚበቃው በላይ። በዚያን ጊዜ ማሸጊያ ክፍል ነበርኩ፣ የማኅበሩ ኮሚቴ አባልም ነበርኩ። የእናንተም ቦታ እንደኛው ይመስለኛል፦ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ የሚቆምበት፣ መስኮት የማይከፈትበት፣ ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን እያየ የሚዞርበት።

እጅ ስለመታጠብ ምናምን አልነግርሽም። ወደ ዋናው ልግባ።

1. አንቀጹ ላይ የበሽታ ስም አትጻፉ። «በአየር፣ በንክኪ ወይም በሌላ መንገድ በሥራ ቦታ የሚተላለፍ በሽታ» በሉት፣ በቃ። የእኛ ጊዜያዊ ስምምነት «ኮቪድ» ብሎ ነበር የተጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል ሲል፣ ኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደሩ) ወዲያው «እንግዲህ ስምምነቱም አብሮ አብቅቷል» አሉን። ድርጅቱ ያለው ግን በሽታው ጠፋ አይደለም፣ አስቸኳይነቱ አበቃ ነው። ይህን ለማስረዳት ስንት ምላስ ጨረስን! አልፏል ለሚሏችሁ ደግሞ መልስ አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሥራ ቦታ ስለሚገጥሙ ሥነ ሕይወታዊ አደጋዎች፣ እንደ ቫይረስና ባክቴሪያ ስላሉት ማለት ነው፣ ራሱን የቻለ ስምምነት አጽድቋል፣ ቁጥር 192፣ እ.ኤ.አ. በ2025። ኮሮና ካለፈ በኋላ ማለት ነው። አልፏልና አያስፈልግም ቢባል ኖሮ መንግሥታት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች አንድ አዳራሽ ተቀምጠው ባልተከራከሩበት።

2. ወጪው የማን ነው የሚለው ግልጽ ይሁን። እኛን መጀመሪያ «ማስክ በራሳችሁ ግዙ» ብለውን ነበር። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ እ.ኤ.አ. የ1981ዱ ማለቴ ነው፣ አንቀጽ 21 ላይ የደኅንነት እርምጃ ሠራተኛውን ምንም ወጪ አያስወጣውም ይላል። ይህን ገጽ አትመን ጠረጴዛቸው ላይ ስናስቀምጥ ቢያንስ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ ገብቷል፣ ይህንንም ጨምሩበት።

ግን ማስክ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ማስክ የመጨረሻው መከላከያ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ አደጋውን ማራቅ፣ ቀጥሎ የሥራ ቦታውን ማስተካከል፣ ቀጥሎ ፈረቃና አሠራር፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰው ፊት ላይ የሚለጠፈው ነገር። አሠሪ ግን ሁልጊዜ ከታች ነው የሚጀምረው፣ ርካሹ እሱ ነዋ። እኛ አንዲት ትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ አስገዛን። ቫይረስ አትለካም፣ ሌላው ያስወጣውን ትንፋሽ ምን ያህል እየተነፈስሽ እንደሆነ ግን ትነግርሻለች። ውጭ ወደ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420ው) ገደማ ታሳያለች። ክፍል ውስጥ ከ1000 ካለፈ አየሩ በቅጡ አይቀየርም ማለት ነው። የእኛ መመገቢያ ክፍል በምሳ ሰዓት ከዚያ በብዙ ያልፍ ነበር። የሚገርመው፣ ሁሉም ማስክ አድርጎ ሲሠራ ይውላል፣ ከዚያ አውልቆ በዚያች ጠባብ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጦ ይበላል! ቁጥሩን በየሰዓቱ ጽፈን ለጠፍነው። ምሳ በየተራ ሆነ፣ ተበላሽቶ የነበረው የአየር ማስወጫ ተጠገነ። ያ የኛ ሥራ ነው፣ ማንም በበጎ ፈቃዱ አልሰጠንም፣ ዛሬም ስናገረው ደስ ይለኛል።

3. ሥራ ማቆም ይቻላል ወይ ላልሽው። ያው 155፣ አንቀጽ 13፣ ለሕይወት ወይም ለጤና ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራ ገለል ያለ ሠራተኛ ሊቀጣ አይገባም ይላል። የአገራችሁ ሕግ ይህን እንዴት እንዳስቀመጠው አስቀድማችሁ እዩ። ዋናው ግን አካሄዱ ነው። የኛ የሌሊት ፈረቃ ልጆች ተናደው ወጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ በማግሥቱ «ከሥራ ቀሪ» ተብለው ተመዘገቡ። ማድረግ የነበረባቸው ወዲያው ለቅርብ አለቃ ማሳወቅ፣ በጽሑፍ፣ ሰዓቱን ጠቅሶ፣ ከዚያም ግቢው ውስጥ መቆየትና «አደጋው ሲስተካከል እንገባለን፣ ሌላ ሥራ ካለም ስጡን» ማለት ነበር። አደጋው እስካልተስተካከለ ድረስ ተመለሱ ብሎ ማስገደድ እንደማይቻል እዚያው ስምምነት፣ አንቀጽ 19 ላይ አለ። ልጆቹን ለማስመለስ ማኅበሩ ብዙ ደከመ።

4. መዝገብ። እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን እንዳትረሺ፣ ምክንያቱም እኛን ያቃጠለን እዚህ ላይ ነው።

ሰው መታመም ሲጀምር ሊቀመንበራችን ከማኔጅመንቱ ጋር በቃል ተስማማ። የታመመ ሰው ደሞዙ እንዳይቆረጥ በዓመት ፈቃድ ይያዝለት፣ ነገሩ ሲረጋጋ ፈቃዱ ይመለስለታል ተባለ። ለጊዜው ጥሩ ይመስላል አይደል? ሁሉም የዓመት ፈቃድ ቅጽ ፈረመ። ሲረጋጋ ማን ይመልስ! የተስማሙት ኃላፊ ለቀቁ፣ አዲሱ ኃላፊ «ቃለ ጉባኤ አሳዩኝ» አሉ። ቃለ ጉባኤ የለም። በቃል ያለ ይረሳል የተባለው ለኛ ነው። ፈቃዱስ ይሁን፣ ፈቃድ ነው። ትልቁ ጉዳት ሌላ ነበር። ወረቀቱ ላይ እነዚያ ሰዎች አልታመሙም፣ እረፍት ላይ ነበሩ! ከመካከላቸው አንዷ ከዚያ በኋላ ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ሳንባዋ አልተመለሰም። በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ነው ብለን ካሳ ልንጠይቅላት ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን።

እዚያ የተቀመጠውን ሰውዬ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። «ከሥራ ቦታ ነው የያዛት ያለው ማነው? ከመንገድ ቢሆንስ? ከዘመድ ቤት ቢሆንስ?» አለን። ቀጥሎ ማስረጃውን ገለበጠና «ይኸው፣ ፈቃድ ላይ ነበረች» ብሎ ሳቀ። እሷ አጠገቤ ቆማ ትንፋሽ አጥሯታል፣ እሱ ይስቃል። ለምሳ ሊወጣ ስለሆነ ወንበር እንኳ ሳይላት ፋይሉን መለሰልን። ይግባኝ ብለንም አልተሳካም።

በዚያው ወቅት የመጋዘን ክፍሉ ልጆች ጉዳያቸው ተቀባይነት አገኘ። ልዩነቱ ምን መሰለሽ? አንድ የፎርክሊፍት ሾፌር ደብተር ይዞ ነበር። ማን በየትኛው ፈረቃ፣ ማን አጠገብ እንደሠራ፣ ማን መቼ ማሳል እንደጀመረ፣ ለየትኛው አለቃ እንደተነገረ ጽፎ አለቃውን ያስፈርመዋል። እኛ እንስቅበት ነበር፣ «ጋዜጠኛው» እንለዋለን። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በስም ያልተጠቀሱ ተላላፊ በሽታዎችም ይታያሉ፣ ግን ከሥራው ጋር ያላቸው ግንኙነት መረጋገጥ አለበት። ያ ደብተር ግንኙነቱን አሳየ። የኛ ቅጽ ደግሞ እረፍት አሳየ።

ስለዚህ አንቀጹ ውስጥ ይህ ይግባ፦ በተላላፊ በሽታ ወይም በተጋላጭነት ምክንያት የቀረ ሠራተኛ በሕመም ፈቃድ ወይም በተለየ ኮድ ይመዘገባል፣ ከዓመት ፈቃዱ አይቀነስም። መዝገቡን ኮሚቴውና አሠሪው በጋራ ይይዛሉ፣ ኮፒው ማኅበሩ ጋር ይቀመጣል። ዓምዶቹ ቀን፣ ፈረቃ፣ የሥራ ቦታ፣ አጠገቡ የነበሩ፣ ምልክት የጀመረበት ቀን፣ የተነገረው አለቃና ፊርማ ይሁኑ። የሰው የጤና መረጃ ግን ሰሌዳ ላይ እንዳይወጣ። የታመመ ሰው ስም ከተለጠፈ ቀጣዩ ታማሚ ይደብቃል፣ አይተነዋል። ለአሠሪ የምትጽፉትንም ደብዳቤ ሁሉ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ኮፒው ላይ ማህተም አስመቱ። «ተቀብለናል፣ ሂዱ» ካሏችሁ አትሂዱ።

5 ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ኤጀንሲ ሠራተኞች፣ በሌላ ድርጅት በኩል ተቀጥረው እኛ ጋር ስለሚሠሩት ነው። የማኅበሩ አባል አይደሉም ተብለው ማስክም ምሳ ተራም ሳይደርሳቸው ቆዩ። አየሩን ግን አብረውን ነው የሚተነፍሱት። አንቀጹ «በግቢው ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ሰው» ይበል፣ በዚህ ላይ ማኔጅመንቱ አጥብቆ ይከራከራችኋል፣ ገንዘብ ስለሆነ። የኛ ሊቀመንበር እዚህም ላይ ለቀቀላቸው፣ ስለሱ ሌላ ቀን አወራለሁ።

የድርድሩ ቀን መቼ እንደሆነ አልጻፍሽም። ከዚያ በፊት ረቂቁን እዚህ ለጥፊው፣ የድርጅቱን ስም አጥፍተሽ። አየዋለሁ፣ ሌሎቹም ያዩታል።